ክረምት ሳይገባ፦ ጣሪያ፣ ቦይና ጎረቤት

በማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ጸሐፊያችን «በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ክረምት ዝግጅት ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁባት። «ክረምትን የማታውቅ ሴት በመካከላችን አለች እንዴ?» አልኳት። እሷም «ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን በየዓመቱ ድንገተኛ እንግዳ ነው የሚሆንብን» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚመጣበትን ወር እናውቃለን። ወደ ቤታችን የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር እናውቃለን። ይህን ሁሉ እያወቅን ሐምሌ ሲደርስ ሳፋ ይዘን ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን።

አናጢ አይደለሁም፤ መሐንዲስም አይደለሁም። እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። የምነግራችሁ የደረሰብኝን፣ ያጠፋሁትንና በኋላ የተማርኩትን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ።

በመጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ከግንቦት ልደታ እስከ ሰኔ 26 ያለው ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ብዙ ይመስላል። ዝናቡ ግን ቀን አይጠብቅም፤ ሰኔ ሲጋመስ መሬቱ ርሷል። ስለዚህ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣበት፣ ጭቃ የሚደርቅበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት ጊዜ ያለን አንድ ወር ቢሆን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ፀሐይ በነጻ የምትሠራልን አሁን ነው።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ የበልግ ዝናብ ሲጥል ምጣዴ ካለበት ማዕዘን ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አንድ አናጢ አስመጣሁ። ወጥቶ አየና «ሁለት ቆርቆሮ ዝጓል፤ አንዱ ወራጅ በስብሷል። ሌላው ደህና ነው» አለኝ። ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ እንጨትና ጥቂት ሚስማር፤ ያ ብቻ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ በእጄ የነበረው ገንዘብ የጤፍ መግዣ ነው። ጤፍ ካልገዛሁ አልጋግርም፤ ካልጋገርኩ አንበላም። «እስከ ሰኔ እግዜር ያውቃል» ብዬ ከሥሩ ሳፋ አስቀመጥኩ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። የበሰበሰው ወራጅ ለቀቀና ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ጎነበሰ። ነቅተን መብራት ለማብራት ስንሞክር የለም። በጨለማ ልጆቼን ወደ ደረቁ ጥግ ሰበሰብኩ። ሲነጋ ያየሁትን ልቁጠርላችሁ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከነኬሻው ውሃ ጠጥቷል። ምጣዱ ውሃ ገብቶበት ከሥራ ውጭ ሆኗል። የልጆቹ ፍራሽ ተጨምቆ የማይጨርስ ሆኗል። ትንሿ ልጄ ያደረባት ብርድ ደረቷ ላይ ወርዶ ሳምንት ሙሉ ጤና ጣቢያ ተመላለስኩ። ሦስት ሳምንት አልጋገርኩም። ደንበኞቼ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ እንጀራ በየቀኑ የሚበላ ነውና ሌላ ቤት ሄዱ። ግማሾቹ አልተመለሱም።

እነዚያን ሁለት ቆርቆሮዎች በመጨረሻ ገዛኋቸው። የገዛኋቸው ግን በሐምሌ ነው። በሐምሌ አናጢ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም፤ ቢወጣም እጥፍ ያስከፍላል። ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ እንዳልል፣ ሰኔ የሚመጣበትን ቀን አውቀው ነበር።

«ታዲያ ለምን ተበድረሽ አልገዛሽም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የበልግ ዝናብ ሲጥል እንደ ጠላት አላየውም፤ መርማሪ ነው። ክረምት ሊያጠፋን ከመምጣቱ በፊት የት የት እንደሚገባ ያሳየናል። ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ወይም በከሰል ምልክት አድርጉ። ጣሪያችሁ ኮርኒስ ካለው ቡናማ ቀለበት የሠራበትን ቦታ ልብ በሉ። ውሃው ግን ከቀዳዳው ቀጥታ አይወርድም፤ በእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው የሚንጠባጠብ። ስለዚህ ቀዳዳውን ከነጠብጣቡ ከፍ ብላችሁ ፈልጉ።

ኮርኒስ ለሌለው ቤት ከዚህ የቀለለ ዘዴ አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በርና መስኮቱን ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። እኔ መጀመሪያ እንዲህ ባደረግሁ ቀን አሥራ አንድ ኮከብ ቆጥሬአለሁ። ብዙው ሚስማር የላላበት ነው። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ጎማ ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ውሃ በዚያ ይገባል። ሚስማሩን ነቅሎ ጎማ ያለው አዲስ ሚስማር መምታት፣ ትንሿን ቀዳዳ ደግሞ በደረቅ ቀን በሬንጅ መድፈን ይበቃል። ሚስማር የሚመታው ከቆርቆሮው ሞገድ ከፍ ባለው ላይ ነው። ዝቅ ባለው ላይ ከተመታ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ ከፈትን ማለት ነው። አዲስ ቆርቆሮ ሲገባም የላይኛው የታችኛውን መደረብ አለበት። አናጢው ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ማፈር የለም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ጣሪያ ላይ የምንጭነውን ድንጋይና አሮጌ ጎማም እናስብበት። ነፋስ እንዳይወስደው ብለን ነው። ነገር ግን ከሥሩ ቅጠልና አፈር ይጠራቀማል፤ እርጥበት ይይዛል፤ ቆርቆሮው እዚያው ይዝጋል። የላላውን በሚስማር አጥብቆ ድንጋዩን ማውረድ ይሻላል። ባሕር ዛፍ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ አሸንዳችሁን ጥረጉ። የታፈነ አሸንዳ ውሃውን ወደ ግድግዳ መልሶ ይደፋል። ለዚህ ሥራ የሚወጣ ሰው ሚስማር የተመታበትን መስመር ተከትሎ ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት አለና። ብቻውንም አይውጣ፤ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር።

ከጣሪያ ወደ ግድግዳ እንውረድ። የብዙዎቻችን ቤት የጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ጥሩ ቤት ነው፤ እግሩ ካልራሰ ዘመን ይሻገራል። እግሩ የራሰ እንደሆነ ግን ላይኛው ያማረ ሆኖ ከታች ይናዳል። ምርጊት የለቀቀበትን፣ ስንጥቅ ያለበትን አሁን ነው የሚመረገው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ከረም እያለ መቡካት አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት። የመጀመሪያው ሲለጠፍ ይሰነጣጠቃል፤ ሲደርቅ ሁለተኛው ይደረብበታል። ይህ ሁሉ ፀሐይ ይፈልጋል። በሰኔ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ዝናቡ ይደርስበታል፤ ድካሙም ጭዱም ታጥቦ ይሄዳል።

አሁን ስለ ውሃው ብዛት አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ። ልጄ ናት ያሰላችልኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የእኔ ጣሪያ አራት በአምስት ነው፤ ሃያ ካሬ። ሃያ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል፣ ይህም ለሐምሌ ብርቅ አይደለም፣ ከጣሪያዬ 400 ሊትር ውሃ ይወርዳል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ጀሪካን ማለት ነው። እስቲ አንድ ሰው ሃያ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ መጥቶ በጭቃ ግድግዳችሁ እግር ላይ ሲደፋ አስቡ! ጎረቤት ቢያደርገው ፖሊስ እንጠራለን። ጣሪያችን ሲያደርገው ግን ዝም ብለን እናያለን።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው አሸንዳ ነው፤ አቅም ከሌለ ቆርቆሮ አጥፎ በሽቦ ማሰርም ይቻላል። ውሃውን በበርሜል ብትቀበሉት ለልብስና ለወለል ይሆናችኋል፤ 400 ሊትር ሁለት በርሜል ይሞላል። በርሜሉ ግን ክዳን ይኑረው፤ ሕፃን ያለበት ቤት ክፍት በርሜል አይቀመጥም። ሁለተኛው ቦይ ነው። የምነግራችሁ ትልቁ ጥፋቴም እዚህ ላይ ነው።

ጣሪያዬ ከወደቀ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ተንገብግቤ ነበር የተዘጋጀሁት። ሚያዝያ ላይ ጣሪያውን አስጨረስኩ፤ ግድግዳውን አስመረግሁ። በቤቴ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ አስቆፈርኩና ጫፉን ወደ ታች ለቀቅሁት። ክረምቱ መጣ። ቤቴ አንድ ጠብታ አልገባበትም። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ «ተመስገን» እያልኩ ተኛሁ።

ከእኔ ቤት በታች አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። እማማ ነው የምላቸው። ልጅ የላቸውም፤ ጉልበትም የላቸውም። ነሐሴ ላይ አንድ ማለዳ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። የማድ ቤታቸው ግድግዳ ተንዷል። ያቺን ሌሊት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው ባይተኙ ኖሮ ከሥሩ ነበሩ። ሰው ተሰብስቦ ዕቃ ያወጣል። እኔም አብሬ አወጣሁ። ድስት እያነሳሁ ዞር ስል ውሃው ከየት እንደመጣ አየሁት። የእኔ ቦይ ጫፍ ነው። ቀጥ ብሎ የእሳቸው ግድግዳ እግር ላይ ይወርዳል።

ምን እንደምል ጠፋኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ውሃው መሄጃ የለውም እኮ። አንቺ ጋ ባይሆን እኔ ጋ ነው፤ እኔ ጋ ባይሆን ከእኔ በታች ካሉት ጋ ነው» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ በእርጥብ ከሰል ቡና ሊያፈሉልኝ ተቀመጡ። እህቶቼ፣ የዚያን ቀን ቡና እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የገባኝ ይህ ነው። ጣሪያን ብቻዬን ላበጅ እችላለሁ። ውሃን ግን ብቻዬን ላስወጣ አልችልም። ብቻዬን ካስወጣሁት ጎረቤቴ ላይ ነው የማስወጣው።

በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ልደታን ከመንደራችን ሰው ጋር ደጅ አክብረን፣ ንፍሮው እየታደለ ሳለ ነገሩን አነሣሁት። በአካባቢያችን ዘጠኝ ቤት አለ። ሃይማኖታችን የተለያየ ነው፤ የማኅበራችን አባል ያልሆኑም አሉ። ውሃው ይህን አይለይም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንዱም ሴቱም ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። አንድ ሽማግሌ «ቦይ የሚቆፈረው ከታች ወደ ላይ ነው» ብለው አስተማሩን። መጀመሪያ መውጫው ይከፈታል፤ ከዚያ እየወጡ እያንዳንዱን ቤት ማገናኘት ነው። ከላይ ከተጀመረ ያላለቀ ቦይ የታችኛውን ቤት ያጥለቀልቃል። የዋናው መንገድ ቱቦ አፍ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ነበር፤ አጸዳነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የእማማን ግድግዳም መልሰን አቆምን። ከዚያ ወዲህ ከከባድ ዝናብ በኋላ በየተራ ደለል እንጠርጋለን። ያ መንደር ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይተኛል።

ስለ ቤት ውስጥ ዝግጅት አጠር አድርጌ ልናገር፤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁና።

እህል ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አየር ካላገኘ ከሥሩ ይሻግታል። በርበሬ ሲያዝ እንደ ቅጠል እስኪንኮሻኮሽ በፀሐይ ይድረቅ። የሻገተውን «ጥቂት ነው» ብላችሁ ወደ ወፍጮ አትላኩት። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ ወጥ ስለፈላ አይጠፋም። ሽሮውን፣ በሶውን፣ ድርቆሹን አሁን ያሰናዳች ሴት በፍልሰታ ጾም አትጨነቅም። ጤፍም ክረምት ሲገባ ዋጋው ይወጣልና አቅም ያላት አስቀድማ ትግዛ፤ አቅም የሌለን ደግሞ አምስት ስድስት ሆነን አንድ ላይ እንግዛ።

ብርድ ልብስና ጋቢ፣ ፍራሽም ሳይቀር፣ አሁን ፀሐይ ይምታው። የልደት የምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የቤት ውልና የቁጠባ ደብተራችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ብሎ ይሰቀል። የጠፋን ወረቀት ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ ካለ አሁን በባለሙያ ይታይ። ጣሪያ የሚያፈስበት ቦታ ሥር ሶኬትም ምጣድም አይሁን። ውሃ ወለሉ ላይ ከተኛ እርጥብ እግር ይዛችሁ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። የመጸዳጃ ጉድጓድ የሞላባችሁ ከዝናብ በፊት አስመጥጡ፤ ጎርፍ ከገባበት የሰፈሩ ሁሉ በሽታ ነው። የመጠጥ ውሃ ከተጠራጠራችሁ አፍሉት፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ወንዝ ዳር ያላችሁ እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልጨምር። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደጫቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዝናቡ ከበድ ብሎ የጣለው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ ነበር፤ ጎርፉ የደረሰው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። እናንተ ቤት ባይዘንብም ከላይ ከዘነበ ይመጣል። ስለዚህ ሌሊት ብትነቁ የት እንደምትሄዱ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ የማይራመዱትን ማን እንደሚያነሣ ከአሁኑ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ዕቃ አይነሣም፤ ሰው ነው የሚነሣው።

የመጨረሻው ስለ ከሰል ነው። ይህን ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ብርድ ሲበረታ ምድጃ ወደ ቤት እናስገባለን፤ በሩን እንዘጋለን፤ የነፋስ ቀዳዳውን በጨርቅ እንወትፋለን። «ጭሱ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው» እንላለን። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። በከሰል ቤት ማሞቅ ካለባችሁ በርና መስኮት ገርበብ ይበል፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከደጅ ይውጣ። አራስ ቤት ደግሞ ይብሱን ተጠንቀቁ፤ ጨቅላው «አመመኝ» አይልም። አንድ ሰው ራሱን ካዞረው ወዲያው ወደ ንጹህ አየር አውጡት፤ ወደ ሕክምናም ውሰዱት። ስንጥቅ መድፈን አንድ ነገር ነው፤ ቤትን አፍኖ መተኛት ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። በዚያ ሚያዝያ ለምን አልተበደርኩም?

ጠይቄ ነበር። ከዚሁ ከማኅበራችን ነው የጠየቅሁት። «ብድር የሚሰጠው ለንግድ ነው፤ ጣሪያ ንግድ አይደለም» ተባልኩ። ማንንም ልወቅስ አልችልም፤ ደንቡ ሲጸድቅ እጄን ካወጡት አንዷ ነኝ። ደንቡ የወጣውም በበጎ አሳብ ነው። ገንዘቡ ተበልቶ እንዳይቀር፣ ሠርቶ እንዲመለስ ብለን ነው። ነገር ግን እህቶቼ፣ የእኔ የሥራ ቦታ የት ነው? ሱቅ የለኝም። ምጣዴ፣ ጤፌ፣ ቡሃቃዬ፣ ደንበኛ የምቀበልበት ደጃፍ ሁሉ ያለው በዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። የምትፈትለው፣ የምትሰፋው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ጉልት የምትሸጠውን እቤቷ የምታሳድር ሴት ሁሉ እንደዚሁ ናት። ጣሪያው ሲወድቅ ንግዱ ነው የወደቀው። ለምጣድ መግዣ አበድራችሁኝ፣ ምጣዱን ከዝናብ ለማዳን ብድር ከለከላችሁኝ። ብድሩን የከፈልኩትም በስንት መከራ እንደሆነ ሒሳብ ያዣችን ታውቃለች።

እድራችንንም እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ንፍሮ እንቀቅላለን። ይህ ክብራችን ነው፤ አይጉደል። ለእማማ ግድግዳው ቢወድቅባቸው ኖሮ ድንኳን እንተክል ነበር። ግድግዳው እንዳይወድቅ ግን ማንኛችንም ሳንቲም አላዋጣንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እንድንወስን እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ የጣሪያና የግድግዳ ማደሻ ብድር ይፈቀድ። ክፍያው ከጥቅምት ይጀምር። መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ አለብን፤ በክረምት ደግሞ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። መክፈል የማንችልበት ወር ላይ «ክፈሉ» ማለት ሰውን ውሸታም ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ መንደር ያለን አባላት አንድ እሑድ ከሰዓት ከቤት ቤት እየዞርን የእያንዳንዳችንን ጣሪያ፣ ግድግዳና ቦይ አብረን እንይ፤ በደብተርም ይጻፍ። የቤቷን ጉድ ማሳየት የምታፍር ትኖራለች። ከእኔ ቤት ይጀመር። የቀበሌ ቤት ወይም የግለሰብ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ደግሞ ከማደሳችሁ በፊት ወረዳውን ወይም አከራዩን አሁን ጠይቁ፤ መልስ ቀን ይፈጃል።

ሦስተኛ፣ ጉልበት ለሌላቸው እናቶች የደቦ ቀን ይቆረጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ግድግዳ ለአንዲት አሮጊት የማይገፋ ተራራ ነው፤ ለእኛ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ቤታችን ውሃ ገብቶበት በነበረ ጊዜ ያመጣችሁልንን ብርድ ልብስና ዱቄት ልጆቻችን አይረሱትም። እግዚአብሔር ይስጥልን። የምለምናችሁ ከዚያ የሚያንስ ነገር ነው። የምትሰጡንን ጥቂቱን አስቀድማችሁ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ስጡን። በዚያ ወር የምትሰጡን ሚስማር፣ ቆርቆሮና አካፋ በነሐሴ ብርድ ልብስ እንዳንለምን ያደርገናል። ፎቶ ለማንሣት ግን አይመችም፤ ያልፈሰሰ ጣሪያና ያልወደቀ ግድግዳ ምኑ ይነሣል?

እማማ ዛሬም አሉ። ባለፈው ሳምንት ደጃቸው ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘኋቸውና እዚህ እንደምናገር ነገርኳቸው። «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «ስለ ቦዩ ነው» ስላቸው ሳቁና «ቅዳሜ ደለሉ ይጠረግ፤ ካለፈው ዓመት የቀረ አለ» አሉኝ።

ስለዚህ የእኛ መንደር ቅዳሜ ጧት በአንድ ሰዓት ይጀምራል፤ ከታች ወደ ላይ። ማየት የምትፈልጉ ኑ፤ ዶማ ያላት ዶማዋን ይዛ ትምጣ። ከዚያ በፊት ግን ሰብሳቢያችን የብድሩን ጉዳይ ለድምፅ ስታቀርብ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ቤታችሁ ጣሪያ በልባችሁ አንዴ ተመልከቱ። ስንት ኮከብ እንዳለበት ቁጠሩ። ከዚያ ከእናንተ በታች ማን እንደሚኖር አስቡ።